ከሃያ ሁለተኛው ጀምራ የምትቆጥር ሴት

ሐምሌ 19 ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ታላቅ እህቴ የማግሥቱን የሞተር ሳይክል ውድድር ግምቷን በቡናማ ወረቀት ላይ ከሃያ ሁለተኛው ተነሥታ ወደ አንደኛው ስትጽፍ ሦስተኛው ላይ አቆመች። ሁለተኛውና አንደኛው ባዶ ናቸው። እስክሪብቶው ክዳኑ ተገጥሞ ወረቀቱ ላይ ተጋድሟል። እህቴን ለሚያውቅ ይህ "መጣሁ፣ ማንም እንዳይነካው" ማለት ነው፤ ጨርሳ ቢሆን ኖሮ እስክሪብቶው ጆሮዋ ላይ ይሰካ ነበር። በዚያው ምሽት እንደተኛች ልቧ ቆመ። ሃምሳ ሰባት ዓመቷ ነበር። በየግድግዳው የተለጠፈው ማስታወቂያ ሃምሳ ዘጠኝ ይላል። ስሕተት ነው፤ የልደት ወረቀቷ እኔ ዘንድ አለ።

ይህን የምጽፈው ስለ እሷ የሚወራው ሁሉ ትንሽ ትንሽ እየተዛነፈ ስላስቸገረኝ ነው። አንዱ ሞተር ነጂ ነበረች ይላል፤ ሌላው የሻይ ቤቱ ባለቤት ዘመድ ያደርጋታል። ሥራዬ ሰነድ መጠበቅ ስለሆነ እንዲህ ያለው ነገር ያንገበግበኛል። ስለዚህ ያየሁትን አየሁ ብዬ፣ ያላየሁትን ከነበሩት ሰዎች ጠይቄ እጽፋለሁ።

እህቴ የሞተር ሳይክል መቀመጫ ሰፊ ነበረች። ሱቋ አራት እርምጃ በሦስት እርምጃ ነው። በስተግራ ወፍራም ቆዳ የሚበሳ የስፌት መኪና፣ በስተቀኝ እስከ ጣሪያ የተደረደረ ስፖንጅ፣ ግድግዳው ላይ በምስማር የተንጠለጠሉ የካርቶን ልኮች፤ እያንዳንዱ ልክ ላይ የሞተሩ ዓይነት ተጽፏል። አሮጌውን ልባስ ትገፍፋለች፣ የዛገውን ስቴፕል አንድ በአንድ በፒንሳ ትነቅላለች፣ ስፖንጁን በዳቦ ቢላዋ ትቀርጻለች። አንድ ጊዜ ለስፖንጅ ተብሎ የተሠራ ቢላዋ ገዝቼ አመጣሁላት፤ በሳምንቱ ዳቦ ስትቆርጥበት አገኘኋት።

የተበላ መቀመጫ አይታ ስለ ሰውየው መናገር ትችል ነበር። አንድ ቀን ዕቃ የሚያደርስ ሞተረኛ መቀመጫውን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጦ ገና ሰላምታውን ሳይጨርስ፣

"ቀኝ ጉልበትህን ያምሃል" አለችው።

"ማን ነገረዎት?"

"መቀመጫህ ነዋ። በግራ በኩል ብቻ ነው ያለቀው፤ ተንጋደህ ነው የምትቀመጠው። ሂድና ታከም፤ እኔ ስፖንጅ እንጂ ጉልበት አልቀይርም።"

ሰውየው ታከመ፤ ጉልበቱ ግን እንደነበረ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰፈሩ ሰው ሁሉ "ጉልበቱ" ብሎ ይጠራዋል፤ እኔም ከዚህ በኋላ እንዲሁ እጠራዋለሁ።

የሚሄድ ሞተር ላይ ግን እህቴ በሕይወቷ አንድ ቀን ተቀምጣ አታውቅም። ለምን ሲሏት "ሐኪም ሁሉ ታምሞ ነው እንዴ የተማረው?" ትላለች።

ሻይ ቤቱ ከሱቋ ጋር በአንድ ግድግዳ ይዋሰናል። ባለቤቱ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ሁሉም ጋሼ ይላቸዋል። ውድድር ባለበት እሑድ፣ አብዛኛውን ጊዜ በየሁለት ሳምንቱ፣ የሞተር ሰው ሁሉ እዚያ ይሰበሰባል፦ ጠጋኙ፣ አድራሹ፣ ዘይት ሻጩ። ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱ ሰው ማን ስንተኛ እንደሚወጣ በወረቀት ይጽፋል፤ እህቴ ወረቀቶቹን ሰብስባ በብስኩት ሣጥን ውስጥ ትቆልፋለች፤ ሲያልቅ አውጥታ ነጥብ ትሰጣለች። በዚህ የተነሣ ስሟ "ዳኛዋ" ሆነ። ሽልማት የለውም። ያሸነፈ ሰው እስከሚቀጥለው ውድድር ድረስ በሩ አጠገብ ያለችው ደህና ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ በቃ።

ነገሩ የተጀመረው ከሃያ አራት ዓመት በፊት ነው። ያኔ ውድድሩ በቀጥታ አይታይም፤ ሁለት ሳምንት ዘግይቶ በካሴት ይመጣል። ውጤቱ ከታወቀ ሰንብቷል፤ ያላወቅነው እኛ ብቻ ነን። ስለዚህ እህቴ ሕግ አወጣች፦ ውጤቱን የሰማ ሰው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቀመጣል። ከባዱ ፈተና የፍሬን ጠጋኙ ነበር፤ ስሙም "ፍሬን" ነው። ውጭ አገር ያለ ወንድሙ በስልክ ሁሉንም ይዘረግፍለታል። አንድ እሑድ እንደ ሕጉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተቀመጠ። መሪው ሊወድቅ አንድ ዙር ሲቀረው የፍሬን ትከሻ ሰበቅ አለ። ከኋላው ያለው ሰው ሁሉ አየ።

"ውጣ!" አለችው እህቴ። "ፊትህን ያዝን ስንል ጀርባህ ወሬ ያወጣል!"

ፍሬን የቀረውን ውድድር መንገድ ላይ ቆሞ ሲጋራ እያጨሰ አሳለፈ። ከዚያ ወዲህ ሰምቶ የሚመጣ ሰው ካፖርት መደረብ ግዴታው ሆነ።

እንግዲህ ወደ ዘንድሮ ልምጣ። ከውድድሩ ነጂዎች አንዱን በሰፈራችን "ፖስተኛው" እንለዋለን፤ ዝናብም ይዝነብ ጭቃም ይሁን በሰዓቱ ስለሚደርስ ነው። ፖስተኛው ካለፈው ዓመት ጀምሮ አሥራ አንድ ውድድር በተከታታይ አሸነፈ። የእህቴ ሣጥን ውስጥ የሚገቡት ወረቀቶች በአንድ ሰው የተጻፉ መሰሉ፤ አንደኛ ፖስተኛው፣ ሁለተኛና ሦስተኛ የሱ ቡድን ልጆች። ሰዉ መሳሳት አቆመ፤ መሳሳት ሲያቆም መምጣትም አቆመ።

ሚያዝያ 12 ቀን ፍሬን ከገማቾቹ ተለየ። እኔ እዚያው ነበርኩ። ውድድሩ ሊያልቅ አምስት ዙር ሲቀረው ብድግ አለ።

"ወዴት ነው?" አለችው እህቴ።

"ቤቴ። ያለቀ ነገር ላይ ምን አስቀመጠኝ? ድሮ ሰው ነበር የሚነዳው። አሁን ጎማው ሊያንሸራትት ሲል ኮምፒውተሩ ቀድሞ ያውቃል። ክንፍ ሠርተውለታል፤ ከኋላ ያለው ንፋሱ እየረበሸው መቅደም አይችልም። ፊት የወጣ ወጣ ነው። እኔ ምኑ ላይ ነው የማፈጠው?"

"ማታ ቤትህ ስትገባ ሚስትህ ምን እንደምትልህ ታውቃለህ አይደል?"

"አሳምሬ።"

"ታዲያ ለምን ትገባለህ?"

ሻይ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ፍሬን ግን አልሳቀም። ኮቱን አንሥቶ ወጣ፤ በሚቀጥለው ውድድር፣ ሚያዝያ 26፣ አልመጣም። የዚያን ቀን ሰባት ሰው ብቻ ነበር። ውድድሩ አልቆ እህቴ ሣጥኑን ስትቆልፍ ጋሼ እጃቸውን በፎጣ እየጠረጉ መጡ።

"ስሚኝማ ዳኛዋ። ውድድሩን ጠልቼ አይደለም። ግን ሰባት ሰው ነው የመጣው፤ ከሰባቱ ሁለቱ ተኝተዋል። በዚህ ሰዓት ኳስ ባሳይ ሰው በር ላይ ይቆምልኛል። ሁለት ውድድር እሰጥሻለሁ። በሁለተኛው አሥራ ሁለት ወንበር ካልሞላ እሑድ የኳስ ነው።"

"የተኙትም ይቆጠራሉ?"

"የተኙት አይቆጠሩም።"

እህቴ በዚያ ሰዓት ሳቀች፤ ከዚያ አብረን ወደ ቤቷ ሄድን። ባሏ ከሞተ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ልጅ የላቸውም። ሳምንቱን ሙሉ ከስፌት መኪናዋ ጋር ግድግዳ ታያለች። በሯ ላይ ስንደርስ እንዲህ አለችኝ፦

"ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የማወራው ከመቀመጫ ጋር ነው። እሑድ እንኳ ከተቀማጩ ጋር ላውራ እንጂ።" ቁልፏን ፈልጋ አገኘችና ደግሞ፣ "አንተ የተማርክ ነህ። ሣጥኑን ውሰድና ቁጠርልኝ። ውድድሩ በእርግጥ ከድሮው ይልቅ የሚታወቅ ሆኗል ወይስ አልሆነም? ካልሆነ በወረቀት አምጣልኝ፤ አነብላቸዋለሁ።"

ይህ ለእኔ ሥራ ሳይሆን ድግስ ነበር። የሦስት መቶ ሰማንያ ስድስት ውድድሮች ወረቀት አገኘሁ፤ የአሥራ ዘጠኙ ጣሪያ ሲያፈስ ርሶ ጠፍቷል። ዐሥር ቀን ማታ ማታ ቆጠርኩ። በካሴቱ ዘመን አብዛኛው ሰው ያሸንፋል ያለው ነጂ ከመቶ ሃምሳ ስምንት ጊዜ አሸንፏል። ባለፉት አምስት ዓመታት ስልሳ አንድ ጊዜ። ልዩነቱ ሦስት ብቻ ነው! በሦስት ገጽ፣ ከግርጌ ማስታወሻ ጋር፣ አሳምሬ ጻፍኩት። እህቴ አንብባ ግንባሬን ሳመችኝ።

ግንቦት 10 ቀን ዘጠኝ ሰው መጣ። ውድድሩ ሊጀመር ሩብ ሰዓት ሲቀረው እህቴ መነጽሯን አድርጋ ቆመችና ሦስቱን ገጽ ከነግርጌ ማስታወሻው አነበበችው። ሁለተኛው ገጽ ላይ ዘይት ሻጩ አንገቱን ደፋ። እስከ ዛሬ "ሳስብ ነበር" ይላል። ስትጨርስ ጉልበቱ እጁን አወጣ።

"እትዬ፣ እንግዲያው ድሮም አሰልቺ ነበር ማለት ነው።"

"እንዴት?"

"ድሮም የታወቀ ነበር አሉን እኮ! እኛ ነን እንጂ የዘገየነው፤ ገና አሁን ነቃን።"

ሰዉ ከውድድሩ ይልቅ በዚህ ሳቀ። ፖስተኛው አሸነፈ። ጋሼ ባንኮኒው ላይ ሆነው ወንበሮቹን በዓይናቸው ሲቆጥሩ አየኋቸው። ጠረጴዛው ሥር መግባት አማረኝ፤ የእህቴን እሑድ በቁጥር አድናለሁ ብዬ ለኳስ ሰዎች ማስረጃ አቀብዬ ቁጭ አልኩ።

በማግሥቱ ሰኞ ሱቋ ስደርስ የአንድ ሞተር መቀመጫ ግማሹ ተሰፍቶ ወለል ላይ ተቀምጧል፤ መቁረጫ ጠረጴዛዋ ላይ ደግሞ የሣጥኑ ወረቀቶች ተዘርግተዋል።

"ና ይህን እየው" አለችኝ። የካሴቱ ዘመን ወረቀት ነው፤ ከሲጋራ ፓኮ የተቀደደ ካርቶን። አሥራ አራት ስም ተጽፎበታል፤ አራቱ ተሰርዘው ተመልሰዋል፤ ዳር ላይ ፍሬን በገዛ እጁ "ቁጥር 31 ዘጠነኛ ካልወጣ ፂሜን እላጫለሁ" ብሏል። ሌላ አሳየችኝ፤ ሃያ ስም። ሌላ፤ አሥራ ሰባት። ከዚያ የቅርቡን አንድ ቅጽ አንሥታ ከጎናቸው አኖረችው። በማሽን የታተመ፣ ሦስት መስመር ያለው፣ ከላይ ቁጥር፣ ከታች የፊርማ ቦታ።

"ይህን ያመጣው ማነው?"

ያመጣሁት እኔ ነኝ። ከአምስት ዓመት በፊት። ሰዉ በየካርቶኑ፣ በየደረሰኙ ጀርባ ሲጽፍ ማየት ሕመም ሆኖብኝ፣ መጠኑ እኩል የሆነ ቅጽ አሳትሜ በስጦታ ሰጠኋት። ሦስት መስመር ያደረግሁትም መድረኩ ላይ የሚወጡት ሦስት ስለሆኑ ነው።

"ለአያያዝ ይመቻል ብዬ ነው" አልኩ።

"ለሣጥኑ ተመችቶታል። ሰዉን ግን እየው፤ ሦስት መስመር ስትሰጠው ሦስት ሰው ብቻ ማየት ጀመረ። ያ ሁሉ ከኋላ የሚራኮተው ማንም ዞር ብሎ ሳያየው ያልቃል።"

"ፖስተኛው ግን ማሸነፉ እውነት ነው።"

"ማን ካደህ? ያሸንፋል። የሱን ለሱ ተወው። የቀሩት ሃያ አንዱ ለሽርሽር ነው እንዴ የወጡት?"

ቅጹ ብቻውን ጥፋተኛ ነው ብዬ ልጽፍ አልችልም፤ ፍሬን ስለ ክንፉና ስለ ኮምፒውተሩ ያለው ሐሰት አይደለም። የማውቀውን ያህል ግን አውቃለሁ፦ ቅጹ ከመጣ ወዲህ በሣጥኑ ውስጥ አራተኛ የሚባል ሰው የለም። ዐሥር ቀን ሙሉ ስቆጥር አንደኛውን ብቻ ቆጥሬ ይህን አላየሁም። እሷ በአንድ ጠዋት አየችው።

የካርቶን ልክ ከመቁረጧ በፊት የምትነድፍበት ቡናማ የጥቅል ወረቀት አላት። ከሱ ክንድ ተኩል የሚሆን እየቆረጠች በያንዳንዱ ላይ በማስመሪያ ሃያ ሁለት መስመር አሰመረች፤ ቁጥሩን ግን ገለበጠችው፤ ሃያ ሁለት ከላይ፣ አንድ ከታች። ሕጉንም አብራ ለወጠች፦ የሚጻፈው ከመጨረሻው ነው፤ አንደኛውን ያወቀ ምንም ነጥብ አያገኝም። ከዚያ አንዱን ጠቅልላ ብብቷ ውስጥ አድርጋ ወደ ፍሬን ጋራዥ ሄደች። እኔም የጥፋቴን ያህል ከኋላዋ ተከተልኩ።

ፍሬን ከአንድ ሞተር ሥር ጋደም ብሎ ነበር፤ እግሩ ብቻ ይታያል።

"መጣሽ?" አለ ከሥር ሆኖ።

"በምን አወቅከኝ?"

"የሙጫ ሽታ። ልመና ከሆነ የመጣሽው አልመጣም ብያለሁ።"

"ልመና አይደለም። አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው። ዱባ ስንተኛ ይወጣል?"

ዱባ የምንለው ብርቱካንማ የራስ ቁር የሚያደርግ ነጂ ነው፤ ከዐሥረኛ በላይ ወጥቶ አያውቅም። እግሩ ትንሽ ተንቀሳቀሰ።

"ዱባን ምን አመጣው?"

"አታውቅም ማለት ነው።"

"እኔ? አሳምሬ ነው የማውቀው! የሚቀጥለው መወዳደሪያ ኮረብታ ላይ ያለ መንገድ ነው፤ የሱ ሞተር ዳገት አይወድም። አሥራ ስድስተኛ።"

"አሥራ አምስተኛስ?"

ፍሬን ከሞተሩ ሥር ተንፏቆ ወጣ፤ ፊቱ ዘይት በዘይት ሆኗል። ወረቀቱን ዘርግታ አሳየችው። ከላይ እስከ ታች አየው፤ የሆነ ነገር አጉረመረመ።

"ይህን ማን ይሞላዋል? አንድ ሰዓት ይፈጃል።"

"ለዚህ ነው ዛሬ ያመጣሁልህ። ገና ዐሥራ ሦስት ቀን አለህ።"

"እመጣለሁ" አለ ፍሬን፤ "ግን ለመሳቅ ነው።"

"ሳቅ እንጂ፤ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ሳቅ።"

ለቀሩትም በየደጃፋቸው ሄዳ አደለች። ሳምንቱ ሲጋመስ ዘይት ሻጩ "አሥራ ዘጠነኛው ላይ ተቸግሬያለሁ" ብሎ በሱቋ በኩል ማለፍ ጀመረ። ጉልበቱ ዕቃ ሊያደርስ በሄደበት ሁሉ ሰው ያማክራል ተባለ። ስለዚህኛው ያለኝ ምስክር አንድ ብቻ ነው።

ግንቦት 24 ቀን ፍሬን ሚስቱንና አማቹን ይዞ መጣ። ሚስቱ ስለ ሞተር የምታውቀው ባሏን እንደሚያቆሽሽ ብቻ ነው፤ ወረቀቷን የሞላችው በራስ ቁሩ ቀለም ነው። እንዲያው አንዳንዱ ሰው ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፎ፣ አንዳንዱ ጭኑ ላይ ዘርግቶ ተቀመጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሣጥኑ ወረቀቱን አልችል ብሎ ክዳኑ አልገጠመም።

ውድድሩ ተጀመረ። ፖስተኛው በሁለተኛው ዙር መራ፤ ካሜራውም ከሱ ጋር ሄደ። እንደ ወትሮው ቢሆን ሰው አሁን ነበር የሚያዛጋው። ነገር ግን ማንም ፖስተኛውን አላየም። የሁሉም ዓይን በስክሪኑ ግራ ጠርዝ ላይ ከላይ ወደ ታች በተደረደረችው ጠባብ የስም ዝርዝር ላይ ነው። እዚያ ከታች፣ አሥራ ሦስተኛ፣ አሥራ አራተኛና አሥራ አምስተኛ ቦታ ላይ፣ ዱባና ሌሎች ሁለት ነጂዎች በየመታጠፊያው ቦታ ይቀያየራሉ። ምስላቸው አይታይም። ስማቸው ብቻ ወጣ ወረድ ይላል።

"ወጣ! ዱባ ወጣ!"

"ወረደ፣ ተቀመጥ።"

"አሳዩን እንጂ! ይህን ፖስተኛ ማን ጠየቃችሁ!"

"አየንህ፣ አየንህ! ዞር በልልን!" ብሎ አማቹ በስክሪኑ ላይ ጮኸ፤ ሰውየው ቤት ውስጥ ከገባ ገና አርባ ደቂቃው ነው።

ሦስት ዙር ሲቀር ፍሬን ወንበሩ ላይ ወጣ። አሥራ ስድስተኛ ያለው ዱባ አሥራ አራተኛ ነው፤ እንደ ግምቱ እንዲወድቅለት መለመን ይገባው ነበር። እሱ ግን "በርታ አንተ ዱባ! በዳገቱ ያዘው!" እያለ ነጥቡን በገዛ አፉ ይጥላል። በመጨረሻው መታጠፊያ ፖስተኛው መስመሩን አልፎ እጁን ሲያወዛውዝ፣ በዝርዝሩ ላይ ሁለት ስሞች ተገለባበጡ። ዱባ አሥራ ሦስተኛ። ሻይ ቤቱ ውስጥ አንድ ብርጭቆ ተሰበረ፤ ማን እንደሰበረው እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ አንድ መንገደኛም ምን ሆናችሁ ብሎ በበሩ ብቅ አለ።

"ማን አሸነፈ?" አለ መንገደኛው።

"ዱባ" አለው ጉልበቱ።

እህቴ ስትደምር አንድ ሰዓት ያህል ፈጀባት፤ ማንም ግን አልሄደም። ብልጫ ያገኘችው የፍሬን ሚስት ነበረች። በሩ አጠገብ ወዳለችው ወንበር ስትሄድ ባሏ መንገዱን እየጠረገ መራት።

"ፖስተኛው ግን አሸነፈ" አለ ፍሬን ወደ እህቴ ዞሮ። "ያልኩት ሆነ።"

"ያልከው ሆነ። አሥራ ሦስተኛውን ማን ነበር ያልከው?"

ወረቀቱን አየ። ጆሮውን አከከ። "ይህ የሚቀጥለው መቼ ነው?" አለ።

ጋሼ ወንበሮቹን ሁለት ጊዜ ቆጠሩ፤ ሁለተኛውን እየነኩ። "አሥራ አራት" አሉ። "የተኛ የለም።" እህቴ መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጠረገችው፤ ጠርጋ ጨርሳም ደግማ ጠረገችው። ጋሼ ከኪሳቸው የስክሪኑን ሪሞት አውጥተው ሰጧት።

"እስከ ዓመቱ ውድድር መጨረሻ እሑድ ያንቺ ነው። ግን ይህን አንቺ ያዢው። እኔ ጓዳ ስገባ የኳስ ሰዎች ይቀይሩብኛል፤ ከዚያ ሁላችሁም እኔ ላይ ትጮሃላችሁ። ሌሎቹን ቀኖች ባንኮኒው ላይ አስቀምጪልኝ። ባትሪ ሲያልቅም ያንቺ ጣጣ ነው፤ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ባትሪ ፍለጋ አልዞርም።"

"ኧረ ጋሼ፣ ባትሪውስ ግድ የለም" አለች።

ከዚያ በኋላ ሰኔ 8፣ ሰኔ 22 እና ሐምሌ 6 ቀን ሪሞቱን ይዛ ተቀመጠች። ወንበሩ አንድም ቀን ከአሥራ ሁለት አልወረደም። ፖስተኛው አንዱን ወድቆ ሁለቱን አሸነፈ። በወደቀ ጊዜ ሰዉ ስላላየው ድጋሚውን ጠብቀን ነው ያወቅነው።

የመጨረሻዋን ቀን ባትሪ ከሸጠላት ባለሱቅና ከጋሼ ጠይቄ አቀናጅቻለሁ። ሐምሌ 19 ቀን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ጋሼ በግድግዳው ማዶ ሆነው ሪሞቱ እንቢ ማለቱን ነገሯት። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ እንደተወችው ሱቋን ቆልፋ ወጣች። መንገዱ ማዶ ያለው ባለሱቅ ዘንድ የነበረው አራት ባትሪ የያዘ ጥቅል ብቻ ነው፤ ቀድዶ ሁለቱን እንዲሰጣት ተከራከረችው።

"አራቱንም ውሰጂ፤ ለሌላ ጊዜ ይሆንሻል" አላት።

"ሁለት የሚበላ ሪሞት ነው ያለኝ። የቀረውን ለሚቀጥለው ሰው ሽጥ።"

ባለሱቁ ጥቅሉን ቀደደ። እሷም መሥራታቸውን በሱቁ የእጅ ባትሪ ላይ ካላየሁ አልወስድም አለች፤ አየች። ወደ ሻይ ቤቱ ስትገባ ጋሼ ብርጭቆ ያጥቡ ነበር። ደከም ብሏታል ይላሉ፤ ሱቅ ሳትመለስ በቀጥታ ቤቷ እንደምትገባ ነገረቻቸው። አንደኛውን ባትሪ ገልብጣ አስገባችው፤ አስተካከለችው። ሪሞቱን ወደ ስክሪኑ አቅንታ ጣቢያውን ወደ ውድድሩ ቀየረች፤ ሠራ። መልሳ ወደ ኳሱ አደረገችው፤ ቅዳሜ ስለነበር። ሪሞቱን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች፤ ያለቁትን ባትሪዎች ኪሷ ውስጥ ከትታ ወጣች። ሰዓቱ ዐሥር ከሃያ ነበር።